በቅናሽ የቀረበ የሆም ቴአትር ሪሲቨር ልግዛ ወይስ ጨምሬ አዲስ ልውሰድ?

ጥያቄ፦ «ባለ 7.2 ቻናል የሆም ቴአትር ሪሲቨር ከመደበኛ ዋጋው 40 በመቶ ተቀንሶ አግኝቻለሁ። ሞዴሉ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሻጩ አንድ ጊዜ ካርቶኑ ብቻ የተከፈተ ነው ይለኛል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በፋብሪካ ታድሶ የተመለሰ ነው ይለኛል። ካርቶኑ ላይ በቻናል 150 ዋት የሚል ተጽፏል። ያሉኝ ባለ 6 ኦም አምስት ስፒከሮች፣ አንድ ሰብዉፈር፣ 4ኬ ቴሌቪዥንና አንድ የጌም ማሽን ናቸው። ልግዛው ወይስ ጨምሬ የዘንድሮውን ሞዴል ልውሰድ?»

መልስ፦ በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ስም አንድ ነገር ላስቀድም። ሪሲቨር ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው የሳተላይት ሥርጭት መቀበያውን ነው። እዚህ የምንነጋገርበት ግን ከዲስክ ማጫወቻ፣ ከጌም ማሽንና ከመሳሰሉት የሚመጣውን ምስልና ድምፅ በአንድ ቦታ ተቀብሎ፣ ምስሉን ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያሳልፍ፣ ድምፁን ደግሞ ፈትቶና አጉልቶ ለየስፒከሩ የሚያከፋፍል ዕቃ ነው። አጭሩ መልሴ «ይግዙት» ወደሚለው ያጋድላል፤ ነገር ግን ሻጩ ስለ ዕቃው የነገረዎት ሁለት ቃል አንድ እስኪሆን ድረስ ገንዘብዎን አይስጡ። ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳ።

ሪሲቨር በአንድ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ዕቃዎች ናቸው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። አንደኛው ትራንስፎርመሩ፣ ትልልቆቹ ካፓሲተሮችና የማጉያ ትራንዚስተሮቹ ያሉበት የአምፕሊፋየር ክፍል ነው። የዚህ ክፍል ዕድገት አዝጋሚ ስለሆነ ከአሥር ዓመት በፊት በጥንቃቄ የተሠራ አምፕሊፋየር ዛሬም ጥሩ አምፕሊፋየር ነው። ሁለተኛው ምስልና ድምፅን በአንድ ገመድ የሚቀበሉት የኤችዲኤምአይ መግቢያዎቹ፣ የድምፅ መፍቻ ቺፑና የኔትወርክ ክፍሉ የተሰበሰቡበት ዲጂታል ቦርድ ሲሆን፣ ይህኛው በየጥቂት ዓመቱ ይለዋወጣል። የኤችዲኤምአይ 1.4 ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2009፣ 2.0 በ2013፣ 2.1 ደግሞ በ2017 ወጥተዋል፤ ድምፅ ከጣሪያ በኩልም እንዲመጣ የሚያደርገውን ዶልቢ አትሞስን የሚፈቱ የቤት ሪሲቨሮች ገበያ ላይ የዋሉት በ2014 ነው። ስለዚህ ጥቂት ዓመት ያስቆጠረ ሞዴል ዋጋው የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ አምፕሊፋየሩ ስለደከመ ሳይሆን ዲጂታሉ ቦርድ በአዲስ ስለተቀደመ ነው። ያ ቦርድ እርስዎ ዛሬ የሚፈልጉትን የሚያሟላ ከሆነ፣ ያልተጓደለ አምፕሊፋየር በረከሰ ዋጋ አገኙ ማለት ነው። ካላሟላ ግን ቅናሹ 60 በመቶም ቢሆን አይጠቅምዎትም።

በእርስዎ ሁኔታ ዲጂታሉን ቦርድ የሚፈትነው የጌም ማሽኑ ነው። ፊልምና የቴሌቪዥን ሥርጭት ብቻ ቢሆን ኖሮ በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፈው ኤችዲኤምአይ 2.0 ይበቃዎት ነበር፤ 4ኬ ምስልን በሰከንድ እስከ 60 ፍሬም ያሳልፋልና። ከአሁኖቹ የጌም ማሽኖች ኃይለኞቹ ግን 4ኬ ምስልን በሰከንድ 120 ፍሬም ማውጣት ይችላሉ፣ የፍሬሙን ፍጥነትም እንደ ጨዋታው ይለዋውጣሉ። ይህን በሙሉ ጥራት ለማሳለፍ በሰከንድ 40 ጊጋቢት ገደማ የሚችል መግቢያ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ ካርቶን ላይ «2.1» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የ2.1 ደረጃ አብዛኞቹን አዳዲስ ችሎታዎች በአማራጭነት የያዘ ስለሆነ፣ አምራቹ ከእነርሱ አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ አሟልቶ ቁጥሩን ሊጽፍ ይችላል። አንዳንድ ሪሲቨር ካሉት ስድስት መግቢያዎች አንዱ ብቻ ፈጣን ይሆናል፤ አንዳንዱ ደግሞ 24 ጊጋቢት ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሻጩን «2.1 ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁት። ከአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ስንት መግቢያዎች በሰከንድ ስንት ጊጋቢት እንደሚያሳልፉ ራሳቸውን ቁጥሮቹን ያንብቡ።

በተለይ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡ፣ 2.1ን መጀመሪያ ከያዙት ሪሲቨሮች መካከል በርከት ያሉት የገጠማቸውን ችግር ማወቅ ይጠቅማል። የተለያዩ አምራቾች በጋራ የተጠቀሙበት የኤችዲኤምአይ ቺፕ ጉድለት ስለነበረበት፣ ከአንዳንድ የጌም ማሽንና የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ የሚመጣው ባለ 120 ፍሬም 4ኬ ምስል ይጠፋ ነበር። ጉድለቱ የቺፑ ስለነበረ በሶፍትዌር ማሻሻያ ሊስተካከል አልቻለም፤ አምራቾቹ ቦርዱን በመቀየር ወይም ተጨማሪ ማገናኛ ሣጥን በመስጠት ነው የፈቱት። የዚያ ዘመን ሞዴል በቅናሽ ሲቀርብልዎ ጥገናው ተደርጎለት እንደሆነ በመለያ ቁጥሩ አማካይነት አምራቹን ጠይቀው ማረጋገጥ ይኖርብዎታል። የእርስዎ ሞዴል ከወጣ ሦስት ዓመት ብቻ ከሆነው ከዚህ ችግር ያመለጠ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም «ሦስት ዓመት» የሚለው የሻጩ ቃል ብቻ ከሆነ የወጣበትን ዓመት ከአምራቹ ያጣሩ።

መግቢያው ፈጣን ሆኖ ባይገኝም ነገሩ አበቃለት ማለት አይደለም። የጌም ማሽኑን በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ድምፁን ብቻ በኤችዲኤምአይ ገመዱ በኩል ወደ ሪሲቨሩ መመለስ ይቻላል። ይህ የድምፅ መመለሻ መስመር አርክ ይባላል፤ የተሻሻለው ደግሞ ኢአርክ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። አርክ የሚችለው የታመቀ ድምፅና ባለ ሁለት ቻናል ያልታመቀ ድምፅ ብቻ ነው፤ በኢንተርኔት የሚመጡ ፊልሞች የሚጠቀሙበትን ዶልቢ ዲጂታል ፕላስ ከነአትሞሱ ያሳልፋል፣ በብሉ ሬይ ዲስክ ላይ ያለውን ያልተቀነሰ ዶልቢ ትሩኤችዲ ወይም ብዙ ቻናል ያለውን ያልታመቀ ድምፅ ግን አያሳልፍም። ኢአርክ ሁሉንም ያሳልፋል፤ ነገር ግን ሪሲቨሩም ቴሌቪዥኑም ሊኖራቸው ይገባል። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ዲቲኤስ የሚባለውን፣ በዲስኮች ላይ የሚገኝ ሌላ ዓይነት ድምፅ ፈጽሞ እንደማያሳልፉም ይወቁ፤ የዲስክ ማጫወቻ ካለዎት ሁልጊዜ ከሪሲቨሩ ጋር በቀጥታ ያገናኙት። በአጭሩ፣ ቴሌቪዥንዎ ኢአርክ ካለውና ቅናሽ ላይ ያለው ሪሲቨርም ካለው፣ የመግቢያዎቹ ፍጥነት ማነስ ሊያሳስብዎ አይገባም።

አሁን ወደ 150 ዋቱ ልመለስ፤ በዚህ ዕቃ ሽያጭ ውስጥ እንደ ዋት ቁጥር ሰውን የሚያሳስት ነገር አላየሁምና። አንድ አምፕሊፋየር ስንት ዋት አለው የሚለው ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው ስንት ቻናል በአንድ ጊዜ ሲሠራ፣ በስንት ኦም ጭነት (ኦም የስፒከሩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው)፣ በምን ያህል የድግግሞሽ ክልልና በስንት በመቶ የድምፅ መዛባት ተለክቶ ነው የሚለው አብሮ ሲነገር ብቻ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የአምፕሊፋየር ማስታወቂያዎች እነዚህን መለኪያዎች አብረው እንዲገልጹ የሚያስገድድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው ይኸው ግራ መጋባት ገበያውን ስላጥለቀለቀው ነበር። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ አንድ ቻናል ብቻ ሲሠራ፣ በ6 ኦም፣ በ1 ኪሎኸርዝ ድምፅ፣ መዛባቱም እስከ 10 በመቶ እንዲደርስ ተፈቅዶ የተለካ ነው። 10 በመቶ የተዛባ ድምፅ ጆሮ በግልጽ የሚያውቀው የተበላሸ ድምፅ ነው። በመመሪያው የመጨረሻ ገጾች ላይ ግን «ሁለት ቻናል ሲሠራ፣ በ8 ኦም፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ፣ መዛባት 0.08 በመቶ» የሚል ዓይነት መሥመር ያገኛሉ። እዚያ የሚገኘው ቁጥር ከ80 እስከ 90 ዋት ቢሆን አይደነቁ፤ ሁለት ሪሲቨሮችን ሲያወዳድሩ ሊጠቀሙበት የሚገባው እውነተኛው ቁጥር ያ ነው።

ይህ ማነሱ ያሳስባል ወይ? እስኪ አብረን እናስላ። ስፒከርዎ በ1 ዋት ከ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል ያወጣል እንበል፤ የተለመደ መጠን ነው። 3 ሜትር ርቀው ቢቀመጡ ወደ 79 ዴሲቤል ገደማ ይደርስዎታል፤ ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ሲታከል ጥቂት ከፍ ይላል። እንግዲህ በ75 ዴሲቤል አማካይ መጠን ፊልም ሲመለከቱ እያንዳንዱ ስፒከር የሚወስደው ከ1 ዋት በታች ነው። ከአማካዩ 20 ዴሲቤል ከፍ ብሎ የሚመጣው ፍንዳታ ወይም የከበሮ ምት ግን 45 ዋት ገደማ ይጠይቃል። ያ ኃይል ለቅጽበት ብቻ የሚፈለግ ስለሆነ 80 ትክክለኛ ዋት ያለው ሪሲቨር ሳይቸገር ያወጣዋል። ከ80 ወደ 160 ዋት ከፍ ቢሉ የሚያገኙት ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ጆሮ የሚለየው ቢሆንም «እጥፍ ጮኸ» የሚያሰኝ አይደለም። በዚያ ላይ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚሸከመው የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሰብዉፈርዎ ነው። ስፒከሮቹን በሪሲቨሩ ዝርዝር ላይ «ትንሽ» ብለው መድበው ከእርሱ በታች ያለው ድምፅ ወደ ሰብዉፈሩ የሚሄድበትን መለያ ድግግሞሽ 80 ኸርዝ ላይ ቢያደርጉት፣ ከባዱ ሸክም ከሪሲቨሩ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ለተጨማሪ ዋት ብለው አዲሱን ሞዴል አይግዙ። ክፍልዎ በጣም ሰፊ ከሆነ ወይም ስፒከሮቹ በ1 ዋት 84 ዴሲቤል ብቻ የሚያወጡ ዓይነት ከሆኑ ነገሩ ይለያል፤ ያን ጊዜ መፈለግ ያለብዎት ፕሪ አውት የሚባለው፣ የውጭ አምፕሊፋየር ለማገናኘት የሚያስችለው መውጫ ያለው ሪሲቨር ነው።

6 ኦም የሚለው ለአብዛኞቹ የአሁን ሪሲቨሮች ችግር አይደለም፤ ከጀርባው ላይ የተፈቀደው የኦም መጠን ተጽፎ ያገኙታል። ኦሙ ሲያንስ አምፕሊፋየሩ ላይ የሚያርፈው ሸክም ስለሚጨምር፣ 4 ኦም ቢሆን ኖሮ ትንሽ እንድናስብበት ያስገድደን ነበር።

ካየኋቸው ገዢዎች አብዛኞቹ ስለ ዋት ሲጨነቁ የሚዘነጉት፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምመለከተው፣ የክፍሉን ድምፅ የማስተካከያ ሥርዓት ነው። ሪሲቨሩ በትንሽ ማይክሮፎን አማካይነት የእያንዳንዱን ስፒከር ርቀት፣ መጠንና በክፍልዎ ውስጥ የሚደርስበትን መዛባት ለክቶ ራሱን ያስተካክላል። ኦዲሲ፣ ዲራክ ላይቭ፣ የያማሃው ዋይፓኦ የዚህ ዓይነት ናቸው። በክፍል ውስጥ የሚሰማውን ዝቅተኛ ድምፅ ከስፒከሩ ይልቅ ክፍሉ ራሱ ነው የሚወስነው። ግድግዳዎቹ አንዳንዱን ድግግሞሽ ያገዝፉታል፣ ሌላውን ያጠፉታል፤ ልዩነቱም 10 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ሻል ያለ ማስተካከያ የያዘ የድሮ ከፍተኛ ሞዴል፣ ቀለል ያለ ማስተካከያ ከያዘ የዘንድሮ ዝቅተኛ ሞዴል በድምፅ የበለጠ ሆኖ ይገኛል። ኦዲሲ ብቻውን ከተራው መልቲ ኢኪው እስከ ኤክስቲ 32 የሚደርሱ ደረጃዎች አሉት፤ ከፍተኛው ደረጃ በተለይ ለዝቅተኛው ድምፅ እጅግ የበዙ የማስተካከያ ነጥቦች ይሰጣል። በቅናሹ ምክንያት አንድ እርከን ከፍ ያለ ሞዴል መግዛት ከቻሉ፣ ቅናሹ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው።

ከዚሁ ጋር በተያያዘ፣ ካርቶኑ የተከፈተ ዕቃ ሲገዙ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ትንሽ ማይክሮፎን ነው። ዋጋው ትንሽ ስለሚመስል ሻጩም ገዢውም አያስታውሱትም፤ ነገር ግን ለዚያ ሞዴል ቤተሰብ ተመዝኖ የተሠራ ስለሆነ በሌላ ማይክሮፎን ቢተኩት ልኬቱ የተሳሳተ ይሆናል። ማይክሮፎኑ ከሌለ የገዙት ዕቃ ዋና አቅሙን አጥቷል። ሪሞቱ፣ የሬዲዮ አንቴናውና የኃይል ገመዱም መኖራቸውን ይቁጠሩ።

ቀጥሎ የቅናሹ ምክንያት ነው፤ ሻጩ የነገረዎት ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም። ካርቶኑ የተከፈተ ማለት ሰው ወስዶት ሳይስማማው የመለሰው ወይም ለማሳያ የወጣ ዕቃ ሲሆን፣ ማንም ቴክኒሻን ሳያየው ተመልሶ ሊሸጥ ይችላል። በፋብሪካ የታደሰ የሚባለው ደግሞ አምራቹ ወይም እርሱ የወከለው ጥገና ክፍል ተቀብሎ፣ ጉድለቱን አስተካክሎና ፈትኖ፣ ብዙውን ጊዜ ካርቶኑና የዕቃው ጀርባ ላይ ምልክት አድርጎ የመለሰው ነው። እኔ ከሁለቱ የታደሰውን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ አንድ ባለሙያ እጁን አሳርፎበታልና። ሱቅ ውስጥ ለማሳያ ለወራት ሲሠራ የቆየ ግን ከሁሉ የማልወደው ነው። ሪሲቨር ሙቀት ያደክመዋል። በካፓሲተሮች ላይ የሚሠራበት የተለመደ ሒሳብ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል የሚል ነው፤ የማሳያ ዕቃ ደግሞ ጠባብ መደርደሪያ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተደራርቦ ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ይውላል። ሻጩ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በደረሰኝ ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። መጻፍ ካልፈለገ፣ እርሱም አያውቅም ወይም መናገር አይፈልግም።

ሌላው የቅናሽ ምክንያት ዕቃው ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ መሆኑ ነው። ይህን የማነሣው በጥገና ሥራዬ ላይ ካየሁት የተነሣ ነው። አንድ ደንበኛ በጣም ረክሶ ያገኘውን፣ ከነላስቲኩ የነበረ ሪሲቨር ይዞልኝ መጣ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚቀበለውን ዕቃ 230 ቮልት ላይ ሰክቶት ነበር። ፊውዙ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ፣ ነገር ግን ከኃይል ክፍሉ የተረፈ ነገር አልነበረም። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ሰው ሁሉም ዕቃ እንደዚያ ይመስለዋል፤ አብዛኞቹ ሪሲቨሮች ግን ለአንድ የቮልት መጠን የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ነው ያላቸው። ከኃይል ገመዱ መግቢያ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ በዓይንዎ ሳያዩ አይክፈሉ። የሬዲዮ ጣቢያ መፈለጊያው የሚንቀሳቀስበት እርምጃም በየአካባቢው ይለያያል፤ እርሱ ግን ትንሹ ጉዳይ ነው።

ዋስትናውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። አምራቾች ዋስትናቸውን የሚያከብሩት በአብዛኛው ዕቃው በተሸጠበት አገርና በሕጋዊ ወኪል ከተገዛ ብቻ ነው፤ የታደሰ ዕቃ ዋስትና ደግሞ ከአዲሱ ያጠረ ነው። ደረሰኙ ላይ ያለው የመለያ ቁጥር ዕቃው ጀርባ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። የተፋቀ ወይም የተለጠፈበት ቁጥር ካዩ ይተዉት። ዲጂታሉ ቦርድ ሲበላሽ በጥገና ሱቅ የሚመለስ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ቦርዱ እንዳለ ይቀየራል፣ መለዋወጫውም የሚገኘው ከአምራቹ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ከ40 በመቶ ቅናሽና ምንም ዋስትና ከሌለው ይልቅ 25 በመቶ ቅናሽና የአንድ ዓመት ዋስትና ያለውን የምመርጠው። ቅናሹንም አምራቹ መጀመሪያ ካወጀው ዋጋ ሳይሆን ዕቃው ባለፉት ወራት በእርግጥ ይሸጥበት ከነበረው ዋጋ ጋር ያነጻጽሩ፤ እንደዚያ ሲታይ 40 የተባለው 20 ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ለአዲሱ ሞዴል ጨምረው ሊከፍሉባቸው የማይገቡ ነገሮችም አሉ። 8ኬ የሚለው ምልክት 4ኬ ቴሌቪዥን ላለው ሰው ምንም አይጨምርም። በሪሲቨሩ ውስጥ የተጫኑ የሙዚቃ አፖችም ከዕቃው ቀድመው ያረጃሉ፤ በትንሽ የውጭ ማጫወቻ ቢተኩት ይሻላል። ሰባቱ ቻናሎች ግን ለእርስዎ ትርፍ አይደሉም፤ ወደፊት ሁለት ስፒከሮች ጣሪያ ላይ ቢጨምሩ 5.1.2 የሚባለውን የአትሞስ አደረጃጀት ያገኛሉ። አትሞስን መፍታት መቻሉን ብቻ ያረጋግጡ። «.2» የሚለው ሁለት የሰብዉፈር መውጫ መኖሩን ያሳያል፤ በዚህ ደረጃ ባሉ ሞዴሎች ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጡት።

ከገዙት በኋላ የመመለሻ ቀናቱ እስኪያልቁ ድረስ ካርቶኑን አይጣሉ፣ በእነዚያ ቀናትም ዕቃውን አጥብቀው ይፈትኑት። ሲያበሩት ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ የሪሌ (የውስጥ ማብሪያው) ቀጭታ ይሰማል፤ ያ ጤነኛ ነው። ከዚያ አንዱን ምንጭ በየተራ በእያንዳንዱ የኤችዲኤምአይ መግቢያ ላይ ሰክተው ምስልና ድምፅ መምጣቱን ይመልከቱ፤ ከመግቢያዎቹ አንዱ ብቻ የሞተበት ዕቃ ተመልሶ መሸጡ የተለመደ ነው። የሙከራ ድምፁን በሰባቱም ቻናሎች ያስኬዱ፤ አምስት ስፒከር ብቻ ቢኖርዎትም ሁለቱን ወደ ቀሪዎቹ መውጫዎች እየቀየሩ ይሞክሩ። ምንም ሳይጫወት ድምፁን ከፍ አድርገው ጆሮዎን ወደ ስፒከሩ ያስጠጉ፤ ቀጭን የሽሽታ ድምፅ ይጠበቃል፣ በአንዱ ቻናል ብቻ የሚሰማ ጉምጉምታ ወይም ፍንጥርጥር ግን የጉዳት ምልክት ነው። ኢአርኩን፣ የኔትወርኩን ግንኙነትና የፈርምዌር (የውስጥ ሶፍትዌር) ማሻሻያውን ይሞክሩ፣ የማይክሮፎኑን ልኬትም እስከ መጨረሻው ያስኬዱ። በመጨረሻ ከላዩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው፣ ድምፁን ዘወትር ከሚሰሙበት ጥቂት ከፍ አድርገው ለሁለት ሰዓት ያጫውቱት። ራሱን ለመከላከል ብሎ ድንገት ከጠፋ፣ መጀመሪያ የስፒከር ገመዶቹ ጫፎች እንዳልተነካኩ ይዩ፤ እነርሱ ደህና ሆነው ደግሞ ከጠፋ ግን በዚያው ቀን ይመልሱት።